የሚታየው ጠብታና የማይታየው ፍሳሽ፦ የክሬን ሲሊንደር ሕመሙ እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2017 ምሽት በአትላንታ ከተማ በኢንተርስቴት 85 አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር የተነሣው እሳት የድልድዩን አንድ ክፍል አፈረሰው። ለእሳቱ ማገዶ የሆነው ከድልድዩ ሥር ተከማችቶ የነበረ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። በቀን ሩብ ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበት፣ ከመሀል ከተማ ወደ ቢዩፎርድ ሃይዌይ አካባቢ ለሚጓዙ በርካታ ኢትዮጵያውያንም የዘወትር መንገድ የሆነው ይህ መሥመር በአንድ ሌሊት ተዘጋ። ብዙዎች ወራት ይፈጃል ብለው የገመቱት ጥገና ግን በስድስት ሳምንት ገደማ ተጠናቅቆ መንገዱ በሜይ አጋማሽ ዳግም ተከፈተ። በእነዚያ ሳምንታት ከባድ ተሸካሚ አግዳሚዎች በክሬን እየተነሡ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ።

እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በመንጠቆው በተንጠለጠለው ጭነት ላይ ነው። ጭነቱን የያዘው የብረት ገመድ ነው፤ ገመዱን ደግሞ ቡም የሚባለው የክሬኑ ክንድ ተሸክሞታል። ክንዱንስ ማን ተሸከመው? መልሱ ዘይት ነው። እየተነዳ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር ተንቀሳቃሽ ክሬን ላይ ክንዱን ቀና የሚያደርገው፣ ተጣጣፊውን ክንድ እየመዘዘ የሚያስረዝመው፣ ማሽኑንም ከጎማው አንሥቶ በአራት የጎን እግሮች የሚያቆመው በብረት በርሜል ውስጥ የታመቀ ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከታመቀበት መሾለክ ሲጀምር ምን ይከተላል? ባለሙያውስ የሚሾልክበትን ቦታ ለይቶ የሚያውቀው እንዴት ነው? ጥያቄው የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከክንዱ ሥር የሚሠሩ ሰዎች ሕይወት የሚንጠለጠልበት ነው።

ዘይት መቶ ቶን የሚሸከምበት ምሥጢር

ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል። ስለዚህ ግፊቱ የሚያርፍበት ስፋት በጨመረ ቁጥር የሚገኘው ኃይል ይጨምራል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሠራ የሚያመነጨው ኃይል 100 ቶን ያህል ክብደት ለመግፋት ይበቃል። 200 ባር ማለት በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ካሬ ላይ ወደ 200 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት እንደማሳረፍ ነው።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ይህንን ሕግ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ ከሁሉ በላይ ያስቸገረው ፈሳሹ በፒስተኑ ዙሪያ የሚሾልክ መሆኑ ነበር። መፍትሔ የሆነውና አብሮት ይሠራ ለነበረው ለሄንሪ ሞድስሌይ የሚነገርለት ማሸጊያ ከቆዳ የተሠራ ነበር፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የቆዳው ጠርዝ ይበልጥ እየተለጠጠ ክፍተቱን ይዘጋል። ዊሊያም አርምስትሮንግም በ1846 በኒውካስል ወደብ በውኃ ግፊት የሚሠራ ክሬን አቆመ። ዛሬ ቆዳው በጎማና በፕላስቲክ፣ ውኃው በዘይት ተተክቷል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ችግሩም ያው ነው።

የዘመኑ ሲሊንደር በቀላሉ ሲገለጽ አንድ በርሜል፣ በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ፒስተን፣ ከፒስተኑ ጋር ተያይዞ በአንድ ጫፍ የሚወጣና የሚገባ በክሮም የተለበጠ ዘንግ ነው። ፒስተኑ በርሜሉን ለሁለት ክፍል ይከፍለዋል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ዘይቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ ያግዳል፤ ዘንጉ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው ማሸጊያ ደግሞ ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይፈስ ይጠብቃል። ከእርሱ ውጭ የተቀመጠው ጠራጊ ቀለበት ዘንጉ ተመልሶ ሲገባ አቧራና ጭቃ ይዞ እንዳይገባ ያደርጋል። ከሲሊንደሩ ጋር የተገጠመ ጭነት ያዥ ቫልቭም አለ። ቱቦ ቢበጠስ እንኳ ይህ ቫልቭ ዘይቱን በሲሊንደሩ ውስጥ ቆልፎ ክንዱ እንዳይወድቅ ይይዛል።

ሁለት ዓይነት ፍሳሽ

የመጀመሪያው ወደ ውጭ የሚፈሰው ነው። መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ዘንጉን ያረጥባል፤ አቧራ ይስባል። ይህ ፍሳሽ ብክነቱ ከሚገመተው በላይ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል መጋጠሚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሊትር በላይ ዘይት ያፈሳል። ይሁን እንጂ ራሱን ስለሚያሳብቅ ሳይታይ የመቅረት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው በውስጥ የሚሾልከው ነው። ዘይቱ ከግፊቱ ክፍል በፒስተኑ ጠርዝ ወይም በቫልቩ መቀመጫ በኩል አልፎ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መሬት ላይ አንድም ጠብታ አይታይም፤ የዘይቱም መጠን አይጎድልም። የሚታየው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ኦፕሬተሩ መቆጣጠሪያውን ሳይነካ ክንዱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወይም ከጎን እግሮቹ አንዱ ያጥራል። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚሉት፣ ዝግታው ራሱ ያዘናጋል።

ዝግታው ለምን እንደሚያሰጋ ስሌቱ ያሳያል። የማንሻው ሲሊንደር ክንዱን የሚገፋው ከታች ካለው መታጠፊያ አጠገብ ነው። 40 ሜትር የሚረዝም ክንድ ከመታጠፊያው 4 ሜትር ርቀት ላይ ቢደገፍ፣ ድጋፉ ያለበት ቦታ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል የክንዱ ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ክንዱ ባጎነበሰ መጠን ጭነቱ ከክሬኑ እየራቀ ይሄዳል፤ በራቀ መጠንም ክሬኑ ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። አንድ የጎን እግር ሲያጥር ደግሞ መላው ማሽን ያጋድላል። ብዙ አምራቾች የክሬኑ መቆሚያ ከ1 በመቶ በላይ ያዘነበለ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክሬን የጭነት ሠንጠረዥ የሚሠራው ማሽኑ ልክ ሲቆም ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭር አጠራሩ ኦሻ፣ በግንባታ ሥራ ላይ የሚውሉ ክሬኖችን የሚመለከተው ደንብ በኖቬምበር 2010 ሥራ ላይ ውሏል። የደቡብ ምሥራቅ ግዛቶችን የሚከታተለው የመሥሪያ ቤቱ የክልል ጽሕፈት ቤት መቀመጫም አትላንታ ነው። ደንቡ ክሬን በየፈረቃው፣ በየወሩና ቢያንስ በየ12 ወሩ እንዲመረመር ያዝዛል። በየፈረቃው ምርመራ የዘይቱ መጠንና የግፊት ቱቦዎች ሁኔታ ይታያል። ዓመታዊው ምርመራ ግን ሲሊንደሮችን በስም ይጠቅሳል፦ በፒስተኑ በኩል በሚያልፍ ዘይት ምክንያት የሚመጣ መንሸራተት፣ በዘንግ ማሸጊያና በብየዳ መጋጠሚያ ላይ ያለ ፍሳሽ፣ በዘንጉ ላይ ያለ ጭረትና ስርጉደት፣ በበርሜሉ ላይ የሚታይ ጉልህ ስርጉደት፣ የላሉ ወይም ቅርጻቸው የተበላሸ መጋጠሚያዎች። የጎን እግሮቹ ሃይድሮሊክ ጃኮችም አብሮ የተሠራ ያዥ ቫልቭ እንዲኖራቸው ደንቡ ያስገድዳል።

ከዚህ ዝርዝር ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሕግ አውጪው የማይታየውን ፍሳሽ ከሚታየው አስቀድሞ ጽፎታል።

ሐሰተኛው ሕመም፦ ዘይት ሲቀዘቅዝ

ክንዱ ባጠረ ቁጥር ማሸጊያው ተበላሽቷል ብሎ መደምደም ግን የተለመደ ስሕተት ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ለውጡ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ10,000 እጅ 7 እጅ ያህል ነው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የክንድ ማስረዘሚያ ሲሊንደር 8 ሜትር ተመዝዞ፣ በሥራ 60 ዲግሪ የሞቀው ዘይት ወደ 25 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ የዘይቱ ዓምድ በ20 ሳንቲሜትር ገደማ ያጥራል። አንድም ጠብታ ሳይሾልክ ክንዱ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜም ማሸጊያዎቹና ማንሸራተቻዎቹ ለጊዜው ይይዙትና በድንገት ድምፅ አሰምቶ ዝቅ ይላል። ይህንን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛውን ሲሊንደር ፈትቶ፣ ጤነኛውን ማሸጊያ ለውጦ፣ በማግሥቱም ያንኑ «ሕመም» ያገኘዋል።

ሁለቱን የሚለየው ሰዓትና ቴርሞሜትር ነው። ባለሙያው የክንዱን ርዝመትና የዘይቱን ሙቀት በእኩል የጊዜ ልዩነት ይመዘግባል። መንስኤው ቅዝቃዜ ከሆነ፣ የዘይቱ ሙቀት ወደ አካባቢው አየር ሙቀት በተጠጋ መጠን እጥረቱ እየቀነሰ በመጨረሻ ይቆማል። ፍሳሽ ከሆነ ግን ዘይቱ ከቀዘቀዘም በኋላ መንሸራተቱ ይቀጥላል። ነገሩ ለአትላንታ ብቻ የሚሆን አይደለም። በበጋ ወራት ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርዳም በሆነባት አዲስ አበባም፣ ማታ ክንዱ ተዘርግቶ ያደረ ክሬን ጠዋት አጥሮ ቢገኝ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የሌሊቱ ብርድ ነው።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። በዘይትና በአቧራ የተለወሰ ሲሊንደር ምንም አይናገርም፤ ከላይ ካለ መጋጠሚያ የወረደ ዘይት የዘንጉን ማሸጊያ በሐሰት ያስከስሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ታጥቦ ይደርቃል፤ ጥቂት ጊዜ ወጥቶ እንዲገባ ይደረጋል፤ ከዚያ ዘይቱ በመጀመሪያ የታየበት ቦታ ይፈለጋል። በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን መታየቱ ጤናማ ነው፤ ማሸጊያውን የሚያለሰልሰው እርሱ ነውና። ተጠራቅሞ ቀለበት የሚሠራና የሚንጠባጠብ ዘይት ግን ጤናማ አይደለም። ቀጥሎ ዘንጉ ይመረመራል። ግፊቱ ወርዶ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ካለ፣ አዲስ ማሸጊያ ቢገባም ብዙ አይቆይም፤ ጭረቱ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ወደ ውስጣዊው ፍሳሽ ሲመጣ ጥያቄው «ጥፋቱ የፒስተኑ ማሸጊያ ነው ወይስ የያዡ ቫልቭ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት እውነታ አለ። የሲሊንደሩ ሁለቱም መግቢያዎች ሙሉ በሙሉ ቢዘጉ፣ የፒስተኑ ማሸጊያ ፈጽሞ ባይኖር እንኳ ዘንጉ ብዙ አይወርድም። ዘንጉ ወደ በርሜሉ ሲገባ ቦታ ይይዛል፤ የተተካው ዘይት ግን የሚሄድበት የለውም። በፒስተኑ ግራና ቀኝ ያለው ግፊት እኩል ይሆንና ጭነቱ በዘንጉ ውፍረት ልክ ባለው ስፋት ላይ ያርፋል። የበርሜሉ ውስጥ 25፣ የዘንጉ ውፍረት 18 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ግፊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ «አልወረደም» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ያልታሰበ ከፍተኛ ግፊት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በብዙ ክሬኖች ላይ ግን መቆጣጠሪያው መሀል ላይ ሲሆን የዘንጉ ወገን ከማጠራቀሚያው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በፒስተኑ ያለፈው ዘይት መውጫ ያገኛል፤ ክንዱም መውረዱን ይቀጥላል።

ምርመራው የሚመሠረተው በዚሁ ባሕርይ ላይ ነው። መንጠቆው ከጭነት ነፃ ሆኖ፣ ከክንዱ ሥር ማንም ሳይኖር፣ የአምራቹ መመሪያ በሚያዘው ቅደም ተከተል የዘንጉ ወገን ቱቦ ይፈታና መግቢያው ይታያል። ክንዱ እየወረደ ከዚያ መግቢያ ዘይት የሚወጣ ከሆነ፣ ዘይቱ በፒስተኑ በኩል አልፏል፤ ጥፋቱ የማሸጊያው ነው። ክንዱ እየወረደ ከመግቢያው ዘይት የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ የሸሸው በያዡ ቫልቭ በኩል ነው፤ ሲሊንደሩን መፍታት አያስፈልግም። ይህን ሥራ የሚሠራው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ መሆን አለበት። የዘንጉን ወገን ደፍኖ ከታች ግፊት መስጠት ከላይ በተገለጸው ምክንያት ግፊቱን ያባዛዋልና አደገኛ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚደረግ ምርመራም ሙሉ እውነቱን አይናገርም፤ በርሜሉ ያረጀው ዘወትር በሚሠራበት መሀሉ ላይ ሊሆን ይችላል።

የሙቀት ካሜራም ይረዳል። ዘይት ሥራ ሳይሠራ በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በየ100 ባር የግፊት ውድቀት ዘይቱ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚግል ቫልቭ ወይም በርሜል ካለ ፍሳሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ማሸጊያ መዝጊያ ብቻ አይደለም

በአትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ በዚህ ዘርፍ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተቋቋመውና በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተመራው የፈሳሽ ኃይል ምርምር ማዕከል አባል ነበር። በዚያው ተቋም የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሳላንትና ባልደረቦቻቸው የዘንግ ማሸጊያዎች አሠራር በኮምፒውተር የሚሰላበትን ዘዴ አዳብረዋል።

ይህ የምርምር ዘርፍ የሚያስገነዝበው ነገር ከተለመደው ግምት ይለያል። ማሸጊያ ዘይትን ፈጽሞ የሚያግድ ግድግዳ አይደለም። ዘንጉ ሲወጣ በዓይን የማይታይ እጅግ ስስ የዘይት ሽፋን ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ መልሶ ያስገባዋል። ሲሊንደሩ «አይፈስም» የሚባለው ይዞ የሚወጣው ሊመልሰው ከሚችለው ሳይበልጥ ሲቀር ነው። ለዚህም የማሸጊያው ከንፈር በዘይቱ ወገን ቀጥ ያለ፣ በአየሩ ወገን ግን ዘንበል ያለ ተደርጎ ይሠራል፤ ሲወጣ አጥብቆ ይጠርጋል፣ ሲገባ ዘይቱን በቀላሉ ያሳልፋል። የከንፈሩ ሻካራነት፣ የዘንጉ ፍጥነት፣ የዘይቱ ውፍረትና ግፊቱ ሚዛኑን ይለውጡታል። ሳይሰነጠቅና ሳይቀደድ የሚያፈስ ማሸጊያ የሚያጋጥመውም በዚህ ምክንያት ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ማሸጊያ አዲስ ቢሆንም ዘይቱን ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላል።

የወጣው ማሸጊያ ምስክርነት

አሮጌው ማሸጊያ ከወጣ በኋላ ወደ ቆሻሻ መጣያ መወርወሩ ትልቅ ብክነት ነው፤ የበሽታውን ታሪክ የያዘው እርሱ ነውና። ደርቆና ተሰነጣጥቆ ከተገኘ ዘይቱ ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር። ጠርዙ እንደተነከሰ ከሆነ ግፊቱ ከልክ አልፏል፣ ወይም በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። በቁመቱ ጭረት ካለበት ቆሻሻ ገብቷል። በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ዘንጉ ጎብጧል፣ አለዚያም መሪ ቀለበቱ አልቋል። ካበጠና ከለሰለሰ ከማሸጊያው ጋር የማይስማማ ዘይት ተጨምሯል። ተቃጥሎ ከጠቆረ በዘይቱ ውስጥ የነበረ የአየር አረፋ በድንገት ታምቆ ሳይነድ አልቀረም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ማሸጊያውን ብቻ መለወጥ ትኩሳትን እያበረዱ ሕመሙን እንደመተው ነው።

እጅ የፍሳሽ መፈለጊያ አይደለም

ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን ይህ ነው። በጭጋግ መልክ የሚረጭ ፍሳሽን በእጅ ዳስሶ መፈለግ እጅን አለዚያም ሕይወትን ያሳጣል። 7 ባር ያህል ግፊት ያለው ቀጭን ፍንጥቅ ቆዳን ሊበሳ ይችላል፤ ክሬን ደግሞ ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ይሠራል። ዘይቱ የገባበት ቦታ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚመስልና መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ቀላል ስለሚሆን ብዙ ሠራተኞች ጠርገውት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከቆዳው ሥር ግን ዘይቱ በሥጋውና በጅማቱ መካከል ተሰራጭቶ ሕዋሳትን ይገድላል። በሰዓታት ውስጥ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ካላየው ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ፍሳሽ የሚፈለገው ከርቀት በተያዘ ካርቶን ወይም ጣውላ ነው። የተጎዳ ሰው ካለ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ «ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ቁስሉ ትንሽ በመሆኑ ሐኪሙም ሊዘናጋ ይችላልና።

በአትላንታም ሆነ በአዲስ አበባ የግንባታ ቦታ፣ ክንዱ «ትንሽ ይወርዳል፣ ግን ይሠራል» የሚል ቃል ሲሰማ ክሬኑ ጭነቱን አውርዶ መቆም አለበት። ስንት ሳንቲሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት? እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ከሰፈሩ ግማሹ ምርመራ ተሠርቷል። ካልሰፈሩ ግን ከክንዱ ሥር የሚያልፈው ሠራተኛ በግምት ላይ ተማምኖ ይራመዳል።